ቱፎርዲ፦ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው ፀረ አረምና የይጁቤ ገበሬ ዓይን

ነሐሴ ሲጋመስ በይጁቤና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የጤፍ ማሳ ያለው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ በእጅ ይታረም ወይስ ይረጭ? ከዓመታት በፊት መልሱ ደቦና ወንፈል ነበር። ዛሬ የአብዛኛው ሰው መልስ አንድ ቃል ሆኗል፦ ቱፎርዲ።

ዛሬ ስለዚህ ኬሚካል እንነጋገራለን። የምንነጋገረው ለማስፈራራት አይደለም፣ ለማስተዋወቅም አይደለም። በየቤቱ የገባ፣ ከዘር ማዳበሪያ እኩል ስሙ የሚጠራ ነገር ሆኖ ሳለ ምንነቱ ግን በደንብ ስላልተነገረ ነው። ያልተነገረው ነገር ደግሞ በየክረምቱ ሰው ያስከፍላል። አንዱ ዓይኑን፣ አንዱ የጎረቤቱን ባቄላ፣ አንዱ ንቡን።

ነገሩ እንዲህ ነው።

■ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ቱፎርዲ የምንለው በቁጥርና በፊደል ሲጻፍ 2,4-ዲ ነው። ፀረ አረም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ተገኝቶ፣ ጦርነቱ እንዳበቃ በፈረንጆቹ 1945 እና 1946 ለገበያ ወጣ። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚረጩት ፀረ አረሞች አንዱ ነው።

ብቻውን ሲሆን 2,4-ዲ ነጭ ዱቄት የሚመስል አሲድ ነው። ችግሩ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነገር ደግሞ በጀርባ በሚታዘል መርጫ አይረጭም። ስለዚህ ፋብሪካው አንድ ሌላ ኬሚካል ይጨምርበታል፦ ዳይሜቲል አሚን። አሲዱና አሚኑ ሲገናኙ ጨው ይሆናሉ። የገበታ ጨው ማለታችን አይደለም፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ አሲድና ቤዝ ተጋብተው የሚወልዱት ነገር ጨው ይባላል። ይህ ጨው ውሃ ውስጥ ወዲያው ይሟሟል። ጠርሙሱ ላይ "አሚን" ወይም "አሚን ሶልት" የሚል ጽሑፍ ካዩ ነገሩ ይህ ነው።

ዳይሜቲል አሚን ራሱ የአሞኒያ ዘመድ ነው። ከአሞኒያና ከሜታኖል በፋብሪካ ይሠራል። ብቻውን ሲሆን በ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላ፣ ማለትም በእኛ አገር የቀን ሙቀት ጋዝ የሚሆን፣ በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የቆየ ዓሣ የሚሸት ነገር ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ በውሃ በጥብጠው የሚያጓጉዙት። ከፀረ አረም ሌላ ለጎማ ሥራ፣ ለማሟሟያ ፈሳሽ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካ፣ ለቆዳ ማልፊያም ያገለግላል። ገበሬው እጅ የሚደርሰው ግን ጋዙ ሳይሆን ጨው የሆነው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ እንደ ቤንዚን ይቀጣጠላል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። መፈራት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ እንመጣበታለን።

በነገራችን ላይ ከመዝራት በፊት ማሳ ለማጽዳት የሚረጨው ራውንዳፕ (ግላይፎሴት) የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌላ አሚን፣ አይሶፕሮፒል አሚን በሚባል፣ ጨው ሆኖ ነው። ሁለቱም የአሚን ጨው ናቸው። ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው። ሥራቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ቱፎርዲ ጤፉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል። ግላይፎሴት አረንጓዴ ነገር ሁሉ ይገድላል፤ ጤፉንም ጭምር። ይህቺን ነጥብ ያዟት።

■ እንዴት ነው አረሙን ለይቶ የሚገድለው?

ተክል የሚያድግበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር የራሱ ሆርሞን አለው። 2,4-ዲ ያንን ሆርሞን አስመስሎ ይገባል። አረሙ እደግ የተባለ ይመስለውና ያለ ልክ ያድጋል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ውስጡ ይዘጋና ይሞታል። እንደ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ያሉ የሣር ዘመዶች ግን በትክክለኛው ዕድሜያቸውና በትክክለኛው መጠን ሲረጩ ይቋቋሙታል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ሰብል ሁሉ ለቱፎርዲ አረም ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ጓያ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬ። ከጤፍ ማሳዎ ነፋስ ይዞት የሄደ ብናኝ የጎረቤትን ኑግ ሊያጠማዝዝ ይችላል። በድንበር ምክንያት ስንት ጠብ እንዳለ እያወቅን፣ በቱፎርዲ ምክንያት ሌላ ጠብ መጨመር ምን ይሉታል?

ሁለተኛ፣ ሣር የሆነውን አረም አይነካም። ስናር፣ ሙጃ፣ አሰንዳቦ የሣር ዘመድ ናቸውና ከጤፉና ከስንዴው ጋር አብረው ይተርፋሉ። ዓመት በዓመት ቱፎርዲ ብቻ የሚረጭ ማሳ ላይ ሰፋፊው አረም እየጠፋ ሣር የሆነው አረም ቦታውን ይወርሳል። መድኃኒቱ ደከመ የሚባለው አንዳንዴ ይህ ነው። መድኃኒቱ አልደከመም፣ አረሙ ነው የተቀየረው። መጠን በመጨመር አይፈታም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ካለፈ ሰብሉም ይጎዳል። የሚረጨው ጤፉ ከአንዱ ሥር ብዙ አገዳ ማውጣት ሲጀምር፣ አረሙም ገና ለጋ ሆኖ ሳያብብ ነው። ጤፉ አገዳውን ስቦ ወደ ማዘርዘር ካለፈ በኋላ የተረጨ ቱፎርዲ ዘለላውን ያበላሻል። በዝናብ ምክንያት ሳልረጭ ቀረሁ ብሎ መስከረም መጨረሻ ላይ መርጫ ማንሳት ኪሳራ ነው። ያኔ ያለው አማራጭ እጅ ብቻ ነው።

■ ትልቁ አደጋ ዓይን ላይ ነው

ስለ ቱፎርዲ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ካንሰርን ነው። እሱም መነሳት አለበት፣ እናነሳዋለን። ነገር ግን በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ማሳ ላይ፣ ያለ መነጽር ለሚለካ ሰው የቅርቡ አደጋ ሌላ ነው፦ ዓይን።

የ2,4-ዲ የአሚን ጨው ሳይበረዝ ዓይን ውስጥ ከገባ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በአሜሪካ የሚሸጠው የዚሁ ምርት ጠርሙስ ፊት ለፊት "አደገኛ" የሚለው ከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ቃል የሚጻፍበት በዚሁ በዓይን ምክንያት ነው። ከቆዳና ከሆድ ይልቅ ዓይን ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

አሁን የእኛን አገር አሠራር እናስበው። ገበሬው ጠርሙሱን ይከፍታል፣ በሲኒ ወይም በክዳን ይለካል፣ ወደ መርጫው ያዘነብላል። ፊቱ ከመርጫው አፍ አንድ ክንድ ይርቃል ቢባል ነው። ትረጭ ይሆናል፣ ትፈናጠር ይሆናል። መነጽር የለም። እጁ ላይ የነካውን ሳያውቅ ላቡን ሲጠርግ ዓይኑን ይነካል። ማሳው ላይ ያለው ውሃ ከወንዝ የመጣ፣ ለመርጫ የተቀዳ ጭቃ ውሃ ነው። ዓይኑ ሲቃጠል በነጠላው ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ማታ ዓይኑ ቀልቶ ሲያብጥ ደግሞ ምች ነው ይባላል፣ ቅጠል ይጨመቅበታል። ሐኪም ጋ ሲደርስ ሁለት ሦስት ቀን አልፎታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃና በአንድ የፕላስቲክ መነጽር ሊቀር የሚችል ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ መፍትሔው ወዲያው፣ እዚያው ማሳው ላይ፣ ዓይኑን ከፍቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው። ከዚያ ሐኪም ጋ መሄድ። እንጥብ አንጥብ እያሉ መከራከር፣ ቅጠል መፈለግ፣ እስከ ቤት መጠበቅ ዓይን ያሳጣል።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብስ አውልቆ በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። ተውጦ ከሆነ ለማስታወክ አይሞከርም፤ ሲመለስ ጉሮሮንና ሳንባን ዳግም ያቃጥላልና። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። ወተት ማጠጣት ሕክምና አይደለም፣ ጊዜ ማባከን ነው። ለ2,4-ዲ ማርከሻ የሚባል የተለየ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ቤት ግን ሰውነት ቶሎ እንዲያስወጣው የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው። ስለዚህ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ሲሄዱ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ካላወቀ በምን ያክማል?

■ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

የዓለም ጤና ድርጅት 2,4-ዲን በቅጽበታዊ መርዛማነቱ "መጠነኛ አደገኛ" በሚለው ምድብ ያስቀምጠዋል። ከዚሁ ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ በሰኔ 2007 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 2015) በሰው ላይ ካንሰር "ሊያስከትል ይችል ይሆናል" ከሚባሉት መካከል መድቦታል። ይህ ምድብ ያስከትላል ተብሎ የተረጋገጠበት አይደለም፣ ነፃ ነው የተባለበትም አይደለም። ማስረጃው ውስን ነው ግን ችላ አይባልም እንደማለት ነው።

ቬትናም ላይ የተረጨው ያ መርዝ ነው ወይ የሚሉም አሉ። ኤጀንት ኦሬንጅ የሚባለው ድብልቅ ውስጥ ግማሹ 2,4-ዲ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ትውልድ ያበላሸው ዳይኦክሲን በዋነኝነት የመጣው ከሌላኛው ግማሽ፣ 2,4,5-ቲ ከሚባለው ነው። ስለዚህ ቱፎርዲ ኤጀንት ኦሬንጅ ነው ማለት ስህተት ነው።

ሆኖም ከዚህ የምንማረው አለ። ሰው የሚጎዳው ስሙ በተጻፈው ኬሚካል ብቻ ሳይሆን በአሠራር ጉድለት አብሮ በሚገባው ቆሻሻም ነው። ዳይሜቲል አሚን ናይትራይት ከሚባል ነገር ጋር ሲገናኝ ኤንዲኤምኤ የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር ይፈጥራል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 2018) ቫልሳርታን የተባለው የደም ግፊት ኪኒን በብዙ አገሮች ከገበያ የተሰበሰበው ይኸው ኤንዲኤምኤ ስለተገኘበት ነው። በአሚን የሚሠራ ፀረ አረምም በጥንቃቄ ካልተመረተ ይህ ችግር ሊገጥመው ይችላል። የታወቀ አምራች ይህን ይቆጣጠራል፤ ተመዝግቦ የገባ ምርትም ተጠያቂ አለው። በጓሮ በር የገባ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ጠርሙስ ግን ማን መረመረው? ማንም።

■ ሃይላንዱ

የጉዳያችን ዋና ነጥብ እዚህ ጋ ነው።

በእኛ አካባቢ የገበሬው መሬት በሄክታር ሳይሆን በቃዳ የሚቆጠር ነው። ሁለት ቃዳ ጤፍ ያለው ሰው ሙሉ ሊትር አያስፈልገውም። በጤፍ ላይ የተለመደው ምክር 720 የሚል ጽሑፍ ላለው ምርት፣ ማለትም በሊትር 720 ግራም ለያዘው፣ በሄክታር 1 ሊትር አካባቢ ነው። አንድ ሄክታር አራት ቃዳ ነው ካልን ለአንድ ቃዳ 250 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ሁለት ቃዳ ያለው ገበሬ የሚፈልገው ግማሽ ሊትር ነው። ለቀሪው ገንዘቡን ለምን ያባክናል?

ባለ ሱቁም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ትልቁን ጠርሙስ ከፍቶ ይቀዳል። በምን? በሃይላንድ። ውሃ በተጠጣበት የፕላስቲክ ጠርሙስ።

ከዚያ የሚመጣውን እንቁጠረው።

👉 ጽሑፉ ቀረ። መጠኑ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የአምራቹ ስም፣ ሁሉም ትልቁ ጠርሙስ ላይ ቀረ።

👉 የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋ። ቱፎርዲና ግላይፎሴት ጎን ለጎን በሃይላንድ ከተቀመጡ በዓይን የሚለይ ማን ነው? አንድ ስህተት የዓመቱን ጤፍ በአንድ ሳምንት ድርቆሽ ያደርገዋል። ከላይ ያዟት ያልናት ነጥብ ይህቺ ናት።

👉 ውሃ መጨመር ቀለለ። ገበሬው በሽታው ጠንካራ ነው ደካማ ነው እያለ ይገምታል። ሽታ ግን መለኪያ አይደለም። ዓሣ ዓሣ ወይም እንደ ክሎሪን የሚሸተው ከአሚኑና ከአሠራሩ ቅሪት የሚመጣ እንጂ የጥንካሬው ምልክት አይደለም።

👉 ከሁሉ የከፋው፣ ሃይላንድ የመጠጥ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ ሃይላንድ ያየ ሕፃን የሚያስበው ውሃ ነው። ሲጠማው ማንንም አይጠይቅም።

ሕጉስ ምን ይላል? የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ አረምንም ይጨምራል። ሳይመዘገብ ማስገባት፣ መሸጥ፣ መጠቀም ክልክል ነው። ምዝገባውን ዛሬ የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሕግ የለም ማለት አንችልም። ሕጉ አዲስ አበባ ላይ ያለ ሲሆን ሃይላንዱ ደግሞ ይጁቤ ገበያ ላይ ነው ያለው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው ባዶ የሆነው።

መንገዱ የባዶነቱ ምክንያት ብዙ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት የግብርና ባለሙያውን ከገበሬው አራርቋል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ባለሙያው ቀበሌ መግባት ሲያቅተው ገበሬውን የሚያማክረው ባለ ሱቁ ብቻ ይሆናል። ሻጭ ደግሞ ሻጭ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወደደ፤ ፀረ አረምም ከውጭ የሚገባ ነው። ዋጋ ሲወደድ ሙሉ ጠርሙስ የሚገዛው እየቀነሰ፣ በሃይላንድ የሚቀዳው እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

በሌላ በኩል ገበሬውን ዝም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ጤፍ ሁለት ጊዜ እጅ የሚፈልግ ሰብል ነው። ልጆች ከተማ ገብተዋል፣ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ወይም አካባቢውን ለቀዋል። የቀን ሠራተኛ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ስታርም የምትውለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናታችን ወይም እህታችን ናት። ቱፎርዲ የዚያችን እናት ወገብ አሳርፏል። ይህን ሳያነሱ ኬሚካል ይቁም ማለት ቀላል ነው፤ ማሳው ላይ የማይውል ሰው የሚናገረው ነገር ነው።

■ ንቡና ውሃው

ጎጃም ሲባል ማር ይነሳል። ንብ አናቢዎች በክረምት መውጫ ቀፏችን ባዶ ሆነ ሲሉ ከቆየን ቆይተናል። ቱፎርዲ ንብን እንደ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ቀጥታ አይረፈርፍም። የሚያደርገው ምግቧን መውሰድ ነው። መጭ የምንለው ቢጫ አበባ ለጤፍ አረም፣ ለንብ ግን እንጀራዋ ነው። አደይ አበባም እንዲሁ። ማሳው፣ ድንበሩ፣ ዳሩ ሁሉ ከተረጨ ንቧ ምን ትቀስማለች? በዚያ ላይ ቱፎርዲን ከፀረ ነፍሳት ጋር ደባልቆ መርጨት ከተጨመረበት ያኔ በእርግጥ ንብ ታልቃለች።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ማሳውን እንጂ ድንበሩን አለመርጨት። አረሙ ሳያብብ በለጋነቱ መርጨት፤ ያኔ ንቧም አትመጣበትም፣ አረሙም ቶሎ ይሞታል። ንብ ላለው ጎረቤት ከአንድ ቀን በፊት መንገር።

አፈር ውስጥ 2,4-ዲ ለዓመታት አይቆይም። አየርና እርጥበት ባለበት አፈር ውስጥ ተሕዋስያን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይሰባብሩታል። ነገር ግን በውሃ የሚሟሟ ነው ብለናል። በተረጨ ማግስት የመጣ ዶፍ ጠርጎት ወደ ወንዝ ይወስደዋል። የእኛ ውሃ ደግሞ የት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ቁልቁል ወደ ዓባይ ነው። ከታች ያለው ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ0.03 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ እንዳይኖር ይመክራል። መርጫን ወንዝ ወይም ምንጭ ዳር ማጠብ ይህን ልክ በአንድ አፍታ ሊያሳልፍ ይችላል።

■ የሚረጭ ሰው ምን ያድርግ?

መርጨቱ ካልቀረ፣ በሚከተለው መንገድ ይሁን።

1. ያልተከፈተ፣ ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ይግዙ። ሁለት ቃዳ ካለዎት ከጎረቤት ጋር ተዋጥተው አንድ ሊትር ገዝተው ይካፈሉ። ሃይላንድ አይቀበሉ።

2. ቁጥሩን ያንብቡ። 720 ካልሆነ ከላይ ያልነው ስሌት አይሠራም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ልክ ይከተሉ። ማንበብ የሚችል ልጅ ቤት ካለ ያንብብልዎ፣ መርጫው አጠገብ ግን አይቁም።

3. በሲኒ አይለኩ። ሲኒ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ደግሞም ተመልሶ ቡና ይጠጣበታል። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ ይግዙና ለዚህ ብቻ ይጠቀሙበት። ለአንድ ቃዳ 50 ሊትር ውሃ የሚረጩ ከሆነ፣ በ20 ሊትር መርጫ ለአንዱ ሙሌት 100 ሚሊ ሊትር፣ በ16 ሊትር መርጫ ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል።

4. ሲለኩና ሲቀላቅሉ መነጽርና የጎማ ጓንት ያድርጉ። የጨርቅ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ኬሚካሉን ጠጥቶ ቆዳዎ ላይ ይዞት ይውላል። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቦቲ።

5. አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃና ሳሙና ማሳው ዳር ይኑር። ለዓይን ነው። ለሌላ አይነካ።

6. ጠዋት ጤዛው ሲተን፣ ነፋስ ሳይነሳ ይርጩ። የአሚኑ ዓይነት ቅጠሉ ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሰማዩ ከጠቆረ ለነገ ያቆዩት። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ባቄላ የሚሄድ ከሆነም እንዲሁ።

7. እየረጩ ቆሎ አይቆርጥሙ፣ ጠላ አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ። የተዘጋ ኖዝል በአፍ አይነፋም።

8. የረጩበት ልብስ ለብቻው ይታጠብ። ከሕፃን ልብስ ጋር በአንድ መዘፍዘፊያ አይነከር። የምታጥበዋም ሰው ጓንት ያስፈልጋታል።

9. ባዶ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን ወደ መርጫው ይጨምሩት፤ ማሳው ላይ ይረጫል። ከዚያ ጠርሙሱን ብሱት። ላምባ፣ ዘይት፣ አረቄ፣ ውሃ አይያዝበትም። የቱንም ያህል ቢያጥቡት።

10. ቱፎርዲ የተረጨበትን መርጫ በደንብ ሳያጥቡ ለባቄላ ወይም ለአትክልት አይጠቀሙበት። የቀረው ትንሽ እንኳ ይበቃዋል።

11. የተረፈው ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። ከእህል፣ ከምግብ፣ ከመኝታ ይራቅ። ይህ ለሕፃናት ብቻ አይደለም። በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው እጅ እንዳይገባም ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው ካለ ጭራሽ ቤት አያስገቡት፤ ሰውየውንም ብቻውን አይተዉት።

■ እኛ የምንለው

ከገበሬው ብዙ ጠይቀናል። ከሌሎችም እንጠይቅ።

አስመጪዎችና አከፋፋዮች ለምን በ250 ሚሊ ሊትር አሽገው አያቀርቡም? አንድ ቃዳ፣ አንድ ጠርሙስ። ልኩ የተሰመረበት ክዳን ያለው፣ በአማርኛ በጉልህ የተጻፈበት። ያን ጊዜ ሃይላንድ ምክንያት አይኖረውም። በእኛ ግምት ከመቶ ስብሰባ ይልቅ ይህ አንድ ነገር ብዙ ዓይን ያድናል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያ እንደሚያከፋፍሉት ሁሉ መነጽርና ጓንትም ከፀረ አረሙ ጋር አብረው ያቅርቡ። በየቀበሌው ሁለት ሦስት ሰዎች በደንብ ሠልጥነው፣ ዕቃው ተሟልቶላቸው፣ ለሌላው በክፍያ ቢረጩ ለወጣቱም ሥራ ነው፣ ለገበሬውም እፎይታ ነው። ሁሉም ሰው ረጪ መሆን የለበትም።

የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገድ ተዘጋ ቢልም፣ ሱቆቹ ያሉት ግን ከተማው ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞሮ በሃይላንድ የተቀዳውን መያዝ ቀበሌ መውረድ አያስፈልገውም። ባለ ሱቆችም ወንድሞቻችን ናችሁ። የምትሸጡለት ሰው ነገም ደንበኛችሁ እንዲሆን ዓይኑ ያስፈልጋችኋል።

ጤና ጣቢያዎች በነሐሴና በመስከረም ቀይ ዓይን ይዞ ለመጣ ገበሬ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ምን ስትረጭ ነበር?" ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። ጤፉ ገና ለጋ ነው፣ ጊዜ አለ። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ አባትና እናት አንብቡላቸው፤ በተለይ ስለ ዓይንና ስለ ሃይላንድ ያለውን። ኔትወርክ ላለው ሁሉ አጋሩት።

በአካባቢያችሁ ያያችሁትን በውስጥ መስመር ላኩልን። የሰው ስም አያስፈልገንም፣ ነገሩ ይበቃናል።

ክረምቱን በሰላም ያስወጣን፣ ምርቱን ይባርክልን።